አፌን ከማየታቸው በፊት ስለ ልቤ ለጠየቁኝ የጥርስ ሐኪም

ይህን ምስጋና የምጽፈው ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ክሊኒክ ለሚሠሩ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሣ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ።

ከተወለድሁ ጀምሮ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ የሚባል፣ አራት የልብ ጉድለቶችን ያጣመረ ሕመም ስለነበረብኝ፣ በልጅነቴ ጥቂት ከሮጥሁ ከንፈሬ ይጠቁር፣ ትንፋሼ እስኪመለስም ቁጢጥ እል ነበር። በ1991 ዓ.ም.፣ በስድስት ዓመቴ፣ ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት በተባለው የእስራኤል በጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት ሆሎን ከተማ በሚገኘው ዎልፍሰን ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ቤተሰቤ «ልጃችን ዳነች» ብሎ እግዚአብሔርን አመሰገነ። በልጅነት የተጠገነ ልብ ዕድሜ ልክ ክትትል እንደሚፈልግ ግን ማናችንም አልተረዳንም ነበር።

ካደግሁ በኋላ በሌላ ቦታ ጥርሴን ሲነቅሉኝ ስለ ልቤ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም መናገር እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ከዚያ ለሳምንታት ያልለቀቀኝ ትኩሳት በታይፎይድ ስም ሲታከም ቆይቶ፣ በመጨረሻ ባክቴሪያ የልቤን የውስጥ ሽፋን እንዳጠቃው ታወቀ፤ ሐኪሞቼም መነሻው አፌ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሩኝ። ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቼ መድኃኒት በደም ሥር ወሰድሁ። ከዚያ ወዲህ የጥርስ ሐኪም ወንበር ያስፈራኝ ስለነበር ዓመታት ሙሉ በአንድ ጎን እያኘክሁ፣ ቡና ላይ ቆሎ ሲቀርብ እጄን እየሰበሰብሁ ኖሬያለሁ።

እኚህ ሐኪም ግን አፌን ከመመልከታቸው በፊት ከልጅነቴ ጀምሮ የልብ ችግር፣ ቀዶ ሕክምና ወይም የልብ ኢንፌክሽን ነበረብኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ታሪኬን ሲሰሙ በዚያ ቀን ምንም አልነኩኝም፤ ለልብ ሐኪሜ ደውለው ተመካከሩ፣ ፔኒሲሊን ይስማማኝ እንደሆነም አጣሩ። በቀጠሮው ቀን አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ እንድደርስ አድርገው፣ ባክቴሪያ ከአፌ በደም በኩል ወደ ልቤ እንዳይደርስ የፔኒሲሊን ወገን የሆነውን ፀረ ባክቴሪያ፣ አራት ባለ 500 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን፣ እፊታቸው አስዋጡኝ። ይህ ጥንቃቄ ለልብ ሕመምተኛ ሁሉ የሚታዘዝ አይደለም፤ እንደኔ ቀድሞ የልብ ኢንፌክሽን ለያዘው ወይም ሰው ሠራሽ የልብ በር ላለው ግን የግድ መታሰብ እንዳለበት በትዕግሥት አስረዱኝ። ሁለት ጥርስ ነቅለው አንዱን ሞሉልኝ። ማታ ደውለው ጠየቁኝ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታትም ትኩሳት ቢሰማኝ ማንኛውንም ፀረ ባክቴሪያ ከመጀመሬ በፊት የደም ካልቸር፣ ማለትም በደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ ምርመራ፣ እንዲሠራልኝ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። ያን አንድ ምክር ያኔ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ስንት ሳምንት በተረፈልኝ ነበር!

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬ በሁለቱም ጎን አኝካለሁ።

ከልብ ችግር ጋር ተወልዳችሁ ለዐቅመ አዳም የደረሳችሁ እኅትና ወንድሞቼ፣ የክሊኒኩን አድራሻ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የቅርብ ጊዜ የልብ አልትራሳውንድ ውጤታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።