ባሕር ዳር ላይ ናሙና ሰጥቶ ውጤት መጠበቅ፦ አገልግሎቱ ሲመዘን

አንገት ላይ የወጣ ንፍፊት፣ ጡት ውስጥ የተዳሰሰ እብጠት፣ አልድን ያለ ቁስል፤ መነሻው ይለያያል እንጂ መንገዱ አንድ ነው። ካርድ፣ ሐኪም፣ ናሙና፣ ከዚያ «ውጤቱ ሲደርስ ይመለሱ»። እዚህ የምንመዝነው ከዚህ ቃል በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ላቦራቶሪው ውስጥ የሚያልፈው ቀን ተገቢ ቀን ነው፤ ወረቀት ላይና መንገድ ላይ የሚባክነው ግን አብዛኛው ሊቀር የሚችል ነው።

ፈጣኑ በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ኤፍኤንኤ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። የወጣው ፈሳሽ መስታወት ላይ ተቀብቶ ይቀለማል፤ ወረፋ ከሌለ በዚያው ቀን ሊነበብ ይችላል። ድክመቱ መርፌው የሚያወጣው የተበታተነ ህዋስ መሆኑ ነው፤ ሥጋው እንዴት እንደተያያዘ አያሳይም። «ናሙናው በቂ አይደለም» የሚል መልስ ሲመጣ አንዱ ይደነግጣል፣ ሌላው እፎይ ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል፤ ገና ምንም አልታየም ማለት ነው፣ ይደገማል። «ካንሰር አልታየም» ቢልም እብጠቱ እያደገ ከሆነ ነገሩ ስላልተዘጋ «ባዮፕሲ (ሥጋ ቆርጦ መመርመር) ያስፈልገው ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ባዮፕሲው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ከመነሻው ነው። የተቆረጠው ሥጋ ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ኬሚካል) ውስጥ መግባት አለበት፤ ፎርማሊኑም ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ሥጋው ብልቃጡን ሞልቶት ፎርማሊኑ ከላይ ጥቂት ከፈሰሰበት ውስጡ ይበሰብሳል። ግሉኮስ ወይም ሳላይን (የጨው ውኃ) ውስጥ የተቀመጠ ናሙናም እንደዚያው። ከሁሉ የሚያስቀው፣ የሚያናድደውም፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፦ ሥጋው ለስላሳ ሆኖ በጠባቡ አፍ ይገባል፣ ፎርማሊን ያጠነክረዋል፣ ከዚያ ጠርሙሱ ካልተቀደደ አይወጣም። ውኃ መስሎት የሚጠጣው ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። አስታማሚው ብልቃጡን ራሱ እንዲያደርስ ከተሰጠው አፈ ሰፊ፣ ክዳኑ የማያፈስ፣ ስም የተጻፈበት ይሁን። ስሙ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ፤ ክዳን ይለዋወጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አይቸኮልም። ትንሿ ናሙና እንኳ ፎርማሊን ውስጥ 6 ሰዓት ያህል ትፈልጋለች፣ ትልቁ ከአንድ ቀን በላይ። ቀጥሎ በአልኮል ውኃው ይወጣል፣ ዛይሊን በሚባል ፈሳሽ ጥርት ይላል፣ ወደ 60 ዲግሪ የሞቀ ሰም ይጠጣል። ይህ በአብዛኛው ሌሊቱን በማሽን የሚሠራ በመሆኑ መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተሩ ሲዘገይ አንድ ቀን ይገፋል። ሰሙ ሲረጋ ብሎክ ይባላል፤ ከእሱ 4 ማይክሮን ያህል የምትሳሳ ቅጠል ይላጫል፤ ከፀጉር ዘለላ ውፍረት አሥረኛውን እጅ እንኳ አትሞላም። አጥንት ከሆነ አስቀድሞ በአሲድ መለስለስ አለበት፤ እሱ ብቻውን ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ «ለምን በማግስቱ አልደረሰም» ብሎ ከላቦራቶሪ ሠራተኛ ጋር መጣላት ትርፍ የለውም።

መጣላት ካለ ወረቀቱ ላይ ነው። የመጠየቂያ ቅጹ ላይ «እብጠት» ብቻ ተጽፎ ከሄደ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ይቸገራል። የትኛው ጎን፣ ስንት ሴንቲ ሜትር፣ ከስንት ወር ወዲህ፣ በፊት የቲቢ መድኃኒት ተወስዶ እንደሆነ፣ የቀድሞ ውጤት ካለ፤ ሐኪሙ እነዚህን ሲጽፍ ቆማችሁ እዩ። ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ ለምሳሌ «ፀሐይ» የሚለው፣ አንድ ቦታ በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላ ቦታ በሌላ ስለሚሆን ውጤቱ ደርሶ «አልደረሰም» ሊባል ይችላል። በካርድ ቁጥር አስፈልጉ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያለው ከተማው ውስጥ፣ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል በአዴት መንገድ ነው፤ የአንዱ ካርድ ቁጥር ለሌላው አይሠራም፣ ስለዚህ ናሙናው የት እንደተመዘገበ በትክክል ያዙ። ቀጠሮው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በአውሮፓ፣ 8 ሰዓት ሲባልም በየትኛው ሰዓት እንደሆነ አስረግጡ። ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሱት።

ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ ለሚመጣ ሰው አንድ ስልክ ቁጥር የአንድ ቀን ጉዞ ታድናለች። ናሙና በሰጣችሁ ቀን የክፍሉን ስልክ ጠይቁ፤ የምትደውሉበትንም ቀንና ሰዓት ወስኑ። በየጠዋቱ መደወል ውጤቱን አያፈጥንም፤ ጭንቀቱን ግን በየጠዋቱ ያድሰዋል። ከቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ ደዋይ ይሁን፤ ዘመድ ሁሉ «ደረሰ ወይ?» የሚለው ለእሱ ይሁን። ውጤቱ በመጀመሪያ ለታማሚው ይነገር ወይስ ለአስታማሚው የሚለውንም ታማሚው ራሱ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ያለዚያ ኮሪደር ላይ ሹክሹክታ ይጀመራል። እንቅልፍ እንቢ ካለ የማታው ቡና አቦል ላይ ይቁም፤ በረካ ለጠዋት ይቆይ።

በመጠበቂያው ጊዜ በራስ ፈቃድ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የተባሉትን የስቴሮይድ መድኃኒቶች መውሰድ አይገባም። እብጠቱን ያጎድልና ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ከሆነ መለየቱን ያስቸግራል። ጸበል የሚሄድ ሰው የስኳር፣ የግፊት፣ የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ማቋረጥ ምርመራውንም ሰውነቱንም ያወሳስባል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊትና አንገት ካበጠ፣ ደም ካልቆመ፣ እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል።

ውጤቱ ተጨማሪ ምርመራ ከጠየቀ ብሎኩ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል። ብሎኩንም ቅጠሉ የተለጠፈበትን መስታወትም በፊርማ ተቀበሉ፣ ከውጤቱ ቅጂ ጋር። ብሎክ በክፍል ሙቀት አይበላሽም፤ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ከመታው ግን ሰሙ ይለሰልሳል። በሻርፕ ጠቅልሎ ቦርሳ መሃል ማስቀመጥ ይበቃዋል።