ዕቅዱ የተወውን የሚሠራ ጋራዥ፦ የላዳ ጥገና በድሬዳዋ

አሮጌ ላዳ ይዞ ድሬዳዋ የሚኖር ሰው ከመኪናው ይልቅ የሚያሳስበው የመካኒኩ ነገር ነው። አዳዲሶቹ ጋራዦች በኮምፒውተር የሚመረመሩ የጃፓን መኪኖችን ስለለመዱ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሲመጣላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የባጃጅ ጠጋኞች በየመንደሩ ቢሞሉም ሥራቸው ሌላ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹ ቶርኖ ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር የሚገኘውና ማስታወቂያ ሰሌዳ እንኳ ያልሰቀለው ይህ ጋራዥ ግን በዋናነት የሚኖረው ሌላው ከማይፈልጋቸው መኪኖች ነው፤ እነሱም ላዳ፣ ከሐረር የሚወርዱ ፔጆ 404ዎችና አልፎ አልፎ አሮጌ የፊያት ጭነት መኪኖች ናቸው። በእኔ ግምት በከተማው ላዳን በአግባቡ የሚያውቅ ቤት ነው፤ ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም።

አገልግሎቱን ለመመዘን መኪናው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። የሶቪየት ኅብረት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ተዋውሎ በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶሊያቲ ከተማ ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1970ም ፊያት 124ን መነሻ ያደረጉት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወጡ። መሐንዲሶቹ ፊያትን እንዳለ አልገለበጡትም፤ የአካሉን ላሜራ አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ከሞተሩ ራስ (ከቴስታው) ላይ የተቀመጠ ባለ 1,198 ሲሲ ሞተር ገጠሙለት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን ጭቃ ስለሚጎዳው በታንቡር (ሸራው ከውስጥ በሚይዘው ከበሮ መሰል ፍሬን) ተኩት፣ ባትሪው በብርድ ሲደክም ሞተሩ በእጅ በሚዞር ብረት፣ በማኖቤላ፣ እንዲነሣም አበጁት። በመንግሥት የምርት ዕቅድ ወረቀት ላይ ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ አገሪቱ በ1970 ወደ 344 ሺህ ገደማ የቤት መኪኖች ስታመርት በ1975 ቁጥሩ 1.2 ሚሊዮን ደርሷል።

ዕቅዱ አጥብቆ የሚቆጥረው ግን ከፋብሪካው በር የወጣውን መኪና እንጂ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገውን ጋራዥና መለዋወጫ አልነበረም። የጥገና ጣቢያዎች ከመኪኖቹ ቁጥር እጅግ ወደ ኋላ ቀሩ፤ የመስታወት መጥረጊያ ከገበያ ስለሚጠፋና ስለሚሰረቅ ባለመኪናው ባቆመ ቁጥር ነቅሎ ይዞት ይገባ ነበር። አማካይ የወር ደመወዝ ከ130 ሩብል በታች በሆነበት ዘመን 5,500 ሩብል አጠራቅሞና ዓመታት ወረፋ ጠብቆ ላዳ የገዛ ሰው መካኒክነትንም አብሮ ለመማር ይገደድ ነበር። በጭነት መኪና በኩል ነገሩ በሌላ መንገድ ይብስ ነበር፤ የትራንስፖርት ድርጅቶች ሥራ በቶን ኪሎ ሜትር (የጭነቱ ክብደት በተኬደው ርቀት ተባዝቶ) ስለሚለካ ያልተኬደ መንገድ በወረቀት ላይ እየተሞላ የተረፈው ነዳጅ ይሸጥ ወይም ይደፋ ነበር። በእኛም አገር በደርግ ዘመን የግል የጭነት መኪኖች በቀጠና ተደራጅተው ጭነቱ በተራ ይደለደልላቸው፣ ታሪፉም በመንግሥት ይወሰንላቸው ነበር። የጋራዡ ዋና መካኒክ ሥራውን የጀመሩት በዚያን ጊዜ ነው፤ ጭነት እስኪደርሰው በተራ የቆመ መኪና ሞተሩ የሚፈታበት ሰፊ ጊዜ ስለነበረው ለእሳቸው ትምህርት ቤት እንደ ሆነላቸው ይናገራሉ።

ያ ትምህርት ከሁሉ በላይ የሚታየው ፍሬን ሲሠሩ ነው። የላዳ የኋላ ታንቡር አሉሚኒየም ስለሆነ ከብረቱ መቀመጫ ጋር በዝገት ይያያዛል፤ ያልለመደ ሰው በመዶሻ ሲደበድበው ይሰነጠቃል። በዚህ ጋራዥ መዶሻ አይነሣም። ሁለቱ መያዣ ብሎኖች ተፈትተው እዚያው ታንቡሩ ላይ ባሉት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባሉ፤ ግራና ቀኝ በእኩል ሲጠብቁ ታንቡሩ ራሱን ገፍቶ ይወጣል። ፋብሪካው ለዚሁ ብሎ የሠራው ዘዴ ነው፤ ሆኖም መኪናቸው ሌላ ቦታ ተደብድቦ የመጣላቸውን ደንበኞች እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ፍሬን ሸራው ከተቀየረ በኋላ የእጅ ፍሬኑ ገመድ በጭነት ይፈተናል፤ ታንቡሩ ውስጡ ከተበላ ደግሞ ጎረቤት ወዳለው ቶርኖ ቤት ይላካል። የባቡር ጥገና ባደገበት ከተማ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ማግኘት ከባድ አለመሆኑ ለጋራዡ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ሁለተኛው ጥንካሬያቸው የሙቀት ነገር ነው። ለሩሲያ ክረምት የታሰበ መኪና 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ሞቃት ድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ 2,000 ሜትር ሲወጣ ራዲያተሩ የሚሸከመው ሥራ ዲዛይን ያደረጉት ሰዎች ካሰቡት ሌላ ነው። ብዙ ጋራዦች መፍትሔው የማቀዝቀዣውን ውኃ እንደ ሙቀቱ የሚያሳልፈውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ይመስላቸዋል። እዚህ ግን ራዲያተሩ ተከፍቶ ይጠረጋል፣ የውኃ ፓምፑና ቺንጊያው ይታያሉ፣ የሻማውን እሳት የሚያስነሣው የፑንቲናው ክፍተትና ሻማው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት ይስተካከላሉ፤ ቴርሞስታቱ ጤነኛ ከሆነ ቦታው ላይ ይቀራል። ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል የካቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት እንደሚረዳ ለደንበኛው ይነግሩታል፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ማሞቂያ መክፈት የማይወደድ ምክር ቢሆንም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። የካምሻፍቱ ሰንሰለት ሲላላም በጆሮ ለይተው ያጠብቁታል እንጂ ሞተር ካላወረድን አይሉም።

ሥራው ሲያልቅ ቁልፍ ብቻ አያስረክቡም። ደንበኛውን አስቀምጠው እስከ ደንገጎ ዳገት ይነዳሉ፣ ሲመለሱም በሁለተኛ ማርሽ እየያዙ ያወርዱታል፤ ፍሬኑ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ በዘመናዊዎቹም ዘንድ ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ደረሰኝ አይሰጡም፤ የተቀየረው ዕቃ ምን እንደ ሆነ በወረቀት እንዲጻፍ የጠየቀ ሰው እንደ ተጠራጣሪ ይታያል። ያለቀውን አሮጌ ዕቃ መመለሳቸው ይህን በመጠኑ ያካክሳል። የሚያልቅበትን ቀን በተመለከተ የሚሰጡት ተስፋ ጨርሶ አይታመንም፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስለሚመጣ ጥፋቱ ሁሉ የእነሱ ባይሆንም ዕቃው ሳይገኝ ሞተር ፈትቶ መጠበቅ ግን የእነሱ ልማድ ነው። ለዕቃ የሚጠይቁት ዋጋም ከእጅ ዋጋቸው ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው፤ የእጅ ዋጋቸው ለሚሠሩት ሥራ እጅግ ተመጣጣኝ ስለሆነ ትርፉን ከዕቃው ለማካካስ የሚሞክሩ ይመስለኛል። የኤሌክትሪክ ሥራ አልመክርም፤ ዲናሞና ሽቦ የሚሰጡት ለልምምድ ልጆች ነው፤ የመኪና አካል የሚያቀና ባትላሜራም የላቸውም።

ስለዚህ ፍሬን፣ ማቀዝቀዣ፣ ካርቡሬተርና ሰንሰለት ላይ ያለ ሥጋት እልካለሁ። መኪናውን በሳምንቱ ለጅጅጋ መንገድ የሚፈልግ ሰው ግን ዕቃውን ራሱ አስመጥቶ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ተስማምቶና ዕቃው ከመድረሱ በፊት ሞተሩ እንዳይፈታ አስጠንቅቆ ቢገባ ይሻለዋል። እንደ ከተማው ሁሉ ጋራዡም ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስለሚያርፍ በጠዋት መድረስ ያስፈልጋል፤ ዋናው መካኒክ ራሳቸው ሞተሩን አስነሥተው የሚያዳምጡትም በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ነው።