የብድር መድን ወይስ የሕይወት መድን? ቤት በብድር ለሚገዙ

የቤት ብድር ሲፈርሙ ከወረቀቶቹ መሃል የመድን ውል ሊኖር ይችላል። «እርስዎ ቢሞቱ ዕዳው ይዘጋል፣ ቤተሰብዎ ቤቱን አያጣም» ይባላሉ። እውነት ነው። ግን ይህንኑ ጥበቃ በሌላ መንገድም መግዛት ይቻላል፤ ጤና ላለው ሰው የተሻለው ያ ሌላው ነው ብዬ አምናለሁ።

የብድር መድን ከብድሩ ጋር የታሰረ ነው። ተበዳሪው ሲሞት መድን ድርጅቱ የቀረውን ዕዳ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል። እዚህ የማወራው የሕይወት መድን ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ይገባል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢሞቱ ሙሉ ገንዘቡ እርስዎ ለመረጡት ሰው ይሰጣል።

በቁጥር እንየው። 1 ሚሊዮን በ6 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ተበደሩ እንበል። መጀመሪያ ላይ ከወርሃዊ ክፍያው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ወለድ ስለሆነ፣ ከ15 ዓመት በኋላም 710 ሺህ ገደማ ይቀራል። ከ25 ዓመት በኋላ ዕዳው ወደ 310 ሺህ ይወርዳል። ያኔ ቢሞቱ የብድር መድኑ እሷኑ 310 ሺህ ለባንኩ ከፍሎ ይጨርሳል። የ1 ሚሊዮን የሕይወት መድን ቢኖርዎት ግን ቤተሰብዎ ዕዳውን ዘግቶ 690 ሺህ ይተርፈዋል። ከፈለገም ብድሩን በየወሩ እየከፈለ ገንዘቡን ለልጆች ትምህርት ያውላል። ምርጫው የእነሱ ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ የብድር መድን ሽፋኑ በየዓመቱ እየቀነሰ፣ ዓረቦኑ (ለመድኑ የሚከፍሉት ገንዘብ) ግን ብዙ ጊዜ ባለበት መቀጠሉ ነው።

ታዲያ የብድር መድን ለማን ይሆናል? ሕመም ላለበት ሰው። የሕይወት መድን ብዙውን ጊዜ የጤና ምርመራና ዝርዝር ጥያቄ አለው፤ የታመመ ሰው ውድ ዓረቦን ይጠየቃል፣ ወይም ጭራሽ አይቀበሉትም። የብድር መድን በዚህ በኩል ቀለል ይላል። ሌላ በር የተዘጋበት ሰው ይህን ቢገዛ ትክክል ነው። ግን ይጠንቀቁ፦ አንዳንድ ውሎች የጤና ታሪክዎን የሚመረምሩት ካሳ ሲጠየቅ ነው። ቅጹን ሲሞሉ ያልጻፉት ሕመም ያኔ ቢገኝ ቤተሰብዎ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «የጤናዬን ሁኔታ የምታጣሩት አሁን ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ባንክ የመቀየር ሐሳብ ካለዎትም ያስቡበት። የባንኩ የብድር መድን ብድሩ ወደ ሌላ ባንክ ሲዛወር ብዙ ጊዜ ያበቃል። በዚያ ላይ ዕድሜዎ ስለጨመረ አዲሱ ይወደዳል። የሕይወት መድን ግን ዓረቦኑን እስከከፈሉ ድረስ አብሮዎት ይዞራል።

ሁለቱም ግን ሞትን እንጂ ሥራ ማጣትን በራሳቸው አይሸፍኑም። የአካል ጉዳትም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ፤ ለብቻው በተጨማሪ ክፍያ ይገባል። ቤቱን ከእሳት የሚጠብቀው መድንም ሌላ ነው። ባልና ሚስት ሁለታችሁም የምትከፍሉ ከሆነ ሁለታችሁም ግቡ፤ የአንዱ ደመወዝ ብቻውን ወርሃዊውን ክፍያ ላይችለው ይችላል።

አሁን የብድር መድን ኖሮዎት ወደ ሕይወት መድን መዛወር ከፈለጉ፣ አዲሱ ውል ጸድቆ ሥራ ላይ ሳይውል የድሮውን አያቋርጡ።