አሮጌ ግቢ ወይስ ባዶ ቦታ? ጎጃም ውስጥ የመጀመሪያ የኪራይ ቤት ለምትገዙ

ትንሽ ብር ተጠራቅሟል፣ ባንክ ተቀምጦ የመግዛት አቅሙ እየቀነሰ ነው፣ ታዲያ ደብረ ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ቤት ገዝቼ ላከራይ የሚል ሰው ብዙ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ደላላው የሚያቀርብላችሁ ሦስት ነገሮች እኩል አይደሉም፦ ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) ያለው አሮጌ ግቢ፣ በሊዝ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ ባዶ ቦታ፣ ከከተማው ዳር ደግሞ የገበሬ መሬት።

የመጨረሻውን ቶሎ ልጨርሰው። አትግዙ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሽማግሌ ፊት የተፈረመች ወረቀት ካርታ አትሆንም። ከተማው ሰፍቶ መሬቱ ሲወሰድ ካሳ የሚጠይቀው በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሙ ያለው ገበሬ ነው። እናንተ የሠራችሁት ቤት ሕገ ወጥ ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። የረከሰው ለዚህ ነው።

አሮጌው ግቢ ትልቁ ጥቅሙ በገዛችሁ ማግስት ኪራይ ማስገባቱ ነው። ማርቆስ ላይ ፊት ለፊት ዋና ቤት፣ ከኋላ በተርታ ሰርቪስ ያለው ግቢ ታገኛላችሁ። ዋናውን ለቤተሰብ፣ ሰርቪሶቹን ለላጤ ታከራያላችሁ። አንዱ ቢለቅ ሌሎቹ ይከፍላሉ።

ችግሩ ቤቱ ራሱ ነው። ብዙው የእንጨትና የጭቃ ሆኖ ከውጭ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፣ ለሽያጭ ሲታሰብ ደግሞ አዲስ ቀለም ይቀባል። አትቸኩሉ። ጎንበስ በሉና ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያለውን ግድግዳ በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ለቋል። የበሩን መቃን ከሥር በቁልፍ ጫፍ ወጋ አድርጉት፤ ሰተት ብሎ ከገባ ምስጥ ወይ እርጥበት በልቶታል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካያችሁ ቆርቆሮው ያፈሳል። ከተቻለ በሐምሌ ሂዱ፣ በበጋ የተደበቀው ሁሉ በክረምት ይወጣል። የመብራት ቆጣሪው የግቢው የራሱ ነው ወይስ ከጎረቤት የተቀጠለ? ይህን ሳትጠይቁ አትውጡ።

ሂሳቡንም በሻጩ አፍ አታስሉ። ለምሳሌ 5 ክፍል፣ እያንዳንዱ በወር 2,500 ብር ቢከራይ በዓመት 150,000 ይመጣል። ግን ክፍል ባዶ ይሆናል፣ ተከራይ ያዘገያል፣ ስለዚህ የ10 ወር ብቻ ቁጠሩ፦ 125,000። ለጥገናና ለኪራይ ግብር 25,000 ብትቀንሱ 100,000 ይተርፋል። ግቢው 2,500,000 ከተባለ ብራችሁ የሚመለሰው በ25 ዓመት ነው። ይህን ይዛችሁ ነው ዋጋ መከራከር።

«ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ነው» ሲሏችሁም ረጋ በሉ። መደበኛ ተማሪ በአብዛኛው ዶርም ነው የሚያድረው። ክፍል የሚከራየው መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የማታና የክረምት ተማሪው ነው። የክረምት ተማሪ ሁለት ወር ሞልቶ ይሄዳል። እኔ ከዩኒቨርሲቲው በር ይልቅ ለገበያና ለመሥሪያ ቤቶች የቀረበ ቤት እመርጣለሁ።

ባዶው ቦታስ? በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ይሰጣል፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ አያንስም። ስትሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን ግንባታውን በተወሰነለት ጊዜ መጀመርና መጨረስ ግዴታ ነው፣ ካልሆነ ቦታው ይነጠቃል። ግማሽ ሳይገነባ ማስተላለፍም ጥብቅ ገደብ አለበት፤ ስለዚህ «ይዤው ዋጋ ሲጨምር እሸጣለሁ» የሚለው ስሌት አይሠራም። ሲሚንቶና ብረት በየጊዜው ዋጋ በሚቀያይሩበት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ መንገድ ሲዘጋ አሸዋ የጫነ መኪና እንኳ በማይደርስበት አካባቢ፣ ግማሽ ላይ የቆመ ብሎኬት ይዞ መቅረት ከባድ ነው። ደመወዝ ያለው፣ ግንበኛ ዘመድ ያለውና ለሁለት ሦስት ዓመት ከቤቱ ምንም የማይጠብቅ ሰው ይግባበት። ሌላው ይቅርበት።

ከከተሞቹ ባሕር ዳር ተከራዩ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ዋጋው ግን ጀማሪን ይፈትናል። ቡሬ ዘይት ፋብሪካውንና አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩን ተስፋ አድርጎ የሚገዛ አለ፤ ፋብሪካ ሲቀዘቅዝ ኪራዩም አብሮ ይቀዘቅዛልና ለመጀመሪያ ቤት አልመክረውም። በትንሽ ብር ለሚጀምር ማርቆስ ይሻላል።

ግቢውን ከወደዳችሁት ካርታውን ከሻጩ እጅ አይታችሁ አትመኑ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከማኅደሩ ጋር አመሳክሩ። የባንክ ዋስትና ወይ የፍርድ ቤት እግድ አለበት? የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርማሉ? ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም ይፈርሙ። ከሽያጩ ትርፍ ላይ ያለው 15 በመቶ ግብር የሻጩ ነው፣ ወደ እናንተ ከገፋው ከዋጋው ይቀነስ። 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም አስቡ። ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን፣ «ቀብድ» የሚለውም ቃል ይጻፍ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሻጩ ሐሳቡን ከቀየረ እጥፍ ይመልሳል፣ እናንተ ካፈረሳችሁ ግን የሰጣችሁት ይቀራል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ሳትሄዱ ሺህ ብርም ቢሆን ቀብድ አትስጡ።