ቤት ውስጥ እንቁላል ለምትጥል እርግብ፦ ፈሳሽ ካልሲየም ከዲ3 ጋር እና የውሸት እንቁላል

እርግቤ ሉሉ የምትኖረው ቤት ውስጥ ነው፣ ብቻዋን። ወንድ ከሌለ አትጥልም ብዬ ነበር የማስበው፣ ለካ ትጥላለች፣ አይፈለፈልም እንጂ። አንድ ጣለች፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሁለተኛውን፣ እኔ ደግሞ ምን ያደርግላታል ብዬ አንስቼ ወረወርኩት። ወር ሳይሞላ እንደገና ጣለች፣ እንደገና አነሳሁ። በአራተኛው ዙር የመጣው እንቁላል ቅርፊት የለውም ማለት ይቻላል፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ እርጥብ ወረቀት ስርጉድ አለ። በማግስቱ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ላባዋን ነፍታ ጥግ ይዛ አገኘኋት፣ በጣም ነው የደነገጥኩት።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ይዣት ሮጥኩ፣ ካልሲየም ወጉላት። ዶክተሯ ፀሐይ ታገኛለች ወይ ስትለኝ አዎ መስኮት ስር ነው የምትውለው አልኳት፣ እሷም የመስኮት መስታወት ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር ያስቀረዋል፣ ያ ጨረር ከሌለ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ3 አይሰራም፣ ዲ3 ከሌለ ደግሞ የበላችው ካልሲየም ወደ ደሟ በደንብ አይገባም አለችኝ። የዛጎል ስባሪ እኮ ሳህኗ ላይ ጠፍቶ አያውቅም፣ ትለቅመው ነበር! ብቻውን አልበቃም በቃ።

ፈሳሹን ካልሲየም የገዛሁት ያኔ ነው። ዋናው ነገር ዲ3 አብሮት መኖሩ ነው፣ ሳታዩ እንዳትገዙ። ውሃዋ ላይ ጠብ አድርጌ ስሰጣት መጀመሪያ ምንቃሯን ነክራ ራሷን አራግፋ ሄደች፣ ጣዕሙን አልወደደችውም፣ በሁለተኛው ቀን ግን ለመደችው። ውሃውን በየቀኑ መቀየር አለባችሁ። አንድ ያናደደኝ ነገር ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ለስንት ሊትር ስንት ሚሊ የሚል ብቻ ነው፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ የለም፣ ዲ3 ሲበዛ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፣ ስለዚህ መጠኑንና ቀኑን ሐኪም ይንገራችሁ። የሚቀጥለው ዙር እንቁላል ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ላዩም ልሙጥ ሆኖ መጣ፣ እግሯም ቀጥ አለ።

ግን እኔን ከሁሉም ያስደሰተኝ የውሸት እንቁላሉ ነው። እንቁላሏን ሲወስዱባት የጠፋውን ለመተካት ቶሎ ትጥላለች፣ ስለዚህ እኔው ነኝ በማንሳት ያደከምኳት፣ እስካሁን ያሳዝነኛል። መጀመሪያ የገዛሁት ውስጡ ባዶ የሆነ ፕላስቲክ ነበር፣ ልትታቀፈው ስትል እየተንከባለለ አመለጣት፣ ሁለት ሦስቴ በምንቃሯ ወደ ሆዷ ስባው ከዛ ተወችው። ሁለተኛው ድፍን ነው፣ ክብደት አለው፣ እውነተኛውን አንስቼ እሱን ስተካ ዞር ዞር አድርጋ አይታው ቁጭ አለች። እርግብ 18 ቀን ገደማ ነው የምትታቀፈው፣ እሷም ሦስት ሳምንት ሊሞላት ሲል ራሷ ትታ ተነሳች። ከዛ ወዲህ ሦስት ወር አልፏል፣ አልጣለችም። ባዶውን አትግዙ፣ ድፍኑን ግዙ፣ ሁለት ስለምትጥል ሁለት።

እቃ ብቻውን አይበቃም ግን። ጀርባዋን መዳበስ አቁሜያለሁ፣ ለሷ የተጓዳኝ ምልክት ነው፣ እኔን እንደ ባሏ ነበር የምታየኝ። ከሶፋ ስር ያለውን ጨለማ ቦታም ዘጋሁት፣ መብራትም በጊዜ አጠፋለሁ፣ ቀኑ ሲረዝም መጣል ያምራታልና።

እና እባካችሁ፣ እያማጠች እንቁላሉ አልወጣ ካለ፣ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ መቆም ካቃታት፣ ይሄ ጠብታ ያድናታል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። እንቁላሉ ተቀርቅሮባት ሊሆን ይችላል፣ ሙቀት ቦታ አድርጋችሁ በዛው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዷት፣ ሆዷን እንዳትጫኑ፣ ውስጧ ከተሰበረ ይገድላታል።

ለካልሲየሙ ከ5 4፣ አንዷን የቀነስኩት ለመመሪያው ነው። ለድፍኑ እንቁላል 5።