ለሃምሳ አለቃ ምስጋና፤ የሽጉጥ ምላጭ ሌባ ጣታቸውን ለሚያሳምማቸው ጥበቃዎች ጥቆማ

ሱሉልታ መንገድ ላይ ባሉ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች የምትሠሩ ጥበቃዎች፣ በተለይ የሽፍት ኃላፊዎች፣ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። የሽጉጥ አያያዝ የሚያስተምሩትን ሃምሳ አለቃን እግዚአብሔር ይስጥልን ለማለት ነው የጻፍነው፤ እናንተም ፈልጋችሁ እንድታገኟቸው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አልወደዱም። በአካባቢው ግን «ሃምሳ አለቃ» ብቻ ብትሉ ይበቃል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ማካሮቭ የተባለውን ሽጉጥ የያዘ ጥበቃ ልምምድ ሜዳ ላይ ሁለት ካዝና፣ ማለትም 16 ጥይት፣ ሲተኩስ የሌባ ጣቱ ጫፍ ይቀላል፤ አንዳንዱም ውኃ ይቋጥራል። ጣቱን የሚያመው ሰው ምላጩን በዝግታ መሳብ ትቶ በድንጋጤ ይነጥቃል። ሲነጥቅ አፈሙዙ ይዘነበላል፣ ጥይቱም ካነጣጠረበት ውጭ ያርፋል። ስለዚህ የጣት ሕመም የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰው በሚበዛበት ግቢ ውስጥ የአደጋ ጉዳይ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ፍለጋ ምን ያህል ደጅ እንደተጠና እኛ እናውቃለን። አንዱ ዘንድ «ጣት ይለምዳል፣ ወንድ ልጅ ጣቴን አለ ይባላል?» ተብሎ ተመለሰ። ሌላው የባሰ ነው። ምላጩን አለሰልሳለሁ ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ የመዶሻውን (ከሽጉጡ ጀርባ ያለውን መቺ) ስፕሪንግ አዳከመው። ምላጩ በእርግጥ ቀለለ። ነገር ግን መዶሻው የሽጉጡን መርፌ በሚገባ ስለማይመታ የጥይቱ ካፕሱል (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የጥይቱ ቂጥ) ላይ የሚቀረው ጭረት ብቻ ሆነ፤ ሽጉጡ «ቀጭ» ይላል፣ አይተኩስም። ሌሊት ብቻውን በር ላይ ለሚቆም ሰው የማይተኩስ ሽጉጥ አስታጥቀው ሸኙት። ስም አንጠራም፤ ግን እስካሁን ያንገበግበናል።

ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ የጠየቁት ሽጉጡን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል ፈቃዱን ሳያዩ ብረት አይነኩም። ከዚያ ካዝናውን አወጡ፣ የሽጉጡን ተንሸራታች የላይ ክፍል ወደ ኋላ ስበው የጥይት ቤቱን በዓይናቸውም በጣታቸውም አረጋገጡ፣ ደገሙት። ጥይቱ በሙሉ ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ቤት ተቆለፈበት።

ቀጥሎ ያደረጉትን መቼም አንረሳውም። የማኅተም ቀለም አስመጡና ምላጩን በሚከበው ቀለበት የውስጥ ወለል ላይ ስስ አድርገው ቀቡ። ጥበቃው ባዶውን ሽጉጥ ወደ ግንብ አነጣጥሮ አምስት ጊዜ እንዲስብ አደረጉና «ጣትህን አሳየኝ ልጄ» አሉት። ቀለሙ የጣቱን ጫፍ የታችኛውን ጎን ሞልቶታል። ሁሉም ሰው ምላጩን ሲወነጅል ከርሞ፣ ጣቱን የሚልጠው ቀለበቱ ኖሯል! በአምስት ደቂቃ፣ በማኅተም ቀለም።

ምክንያቱን እንዲህ አስረዱ። እጅ በእጀታው ላይ ዝቅ ብሎ ከያዘ ሌባ ጣት ወደ ምላጩ የሚደርሰው ከታች ወደ ላይ ነው። የምላጩ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ሲሳብ ጠባቡ ቀለበት ላይ ይፋቃል፤ ሽጉጡ በተኮሰ ቁጥር ደግሞ ይመታዋል። ማካሮቭ ባዶውን ወደ 730 ግራም የሚመዝን አጭር ሽጉጥ ነው። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ፣ የላዩን ክፍል ክብደቱና ጥቅል ስፕሪንጉ ብቻ የሚይዙት በመሆኑ ምቱ ለትንሽነቱ ድንገተኛ ነው።

መፍትሔው ከእጀታው ይጀምራል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ የእጀታው ጀርባ ላይ እስከ መጨረሻው ይውጣ፤ የላዩ ክፍል ሲመለስ እንዳይነክስ ግን ከመዶሻው ሥር አይለፍ። እጁ ወፍራም የሆነ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። እጅ ከፍ ሲል ጣት ቀጥ ብሎ ወደ ምላጩ መሐል ይገባል፣ ከቀለበቱም ይርቃል። ምላጩ የሚያርፈው አሻራ በምንሰጥበት ሥጋ ላይ ነው፤ ጥፍሩ ጫፍ ላይ ከሆነ አንድ ነጥብ ላይ ይጫናል። ማካሮቭ መዶሻው ተኝቶ ሲሳብ የመጀመሪያዋ ስበት ረጅምና ከባድ ናት፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀላል ናቸው። ለከባዷ ብሎ ጣትን እስከ አንጓው አስገብቶ ለቀላሏ መልሶ ማውጣት ግራ ያጋባል። ከአንጓው መታጠፊያ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ቦታ መርጦ እዚያው መጽናት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የቀኝ እጅ መጨበጥ ነው። ቀኝ እጁን እንደ መዶሻ እጀታ የሚጨብጥ ሰው ሌባ ጣቱም አብሮ ይደርቃል፤ የክንዱ ጅማት እስኪያመው ይደርሳል። ሃምሳ አለቃ አጥብቆ መያዙን ለግራ እጅ አስረከቡት። ቀኙ፣ ይላሉ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ይያዝ። ትንሿ ጣት አጭር እጀታ ላይ ቦታ ስታጣ ሽጉጡ እጅ ውስጥ ይዞራል፣ ሌባ ጣትም ሊያቃናው ይታገላል። ካዝናው ሥር ታጥፋ ትግባ፤ አየር ላይ አትንጠልጠል።

ሦስተኛው፣ ከተኮሱ በኋላ ጣትን ከምላጩ ላይ ማስፈንጠር። ምላጩ ወደ ፊት ሲመለስ የተለየውን ጣት ይመታዋል። ጣት ሳይለቅ፣ «ቀጭ» እስኪል ብቻ ወደ ፊት አብሮት ይሂድ።

ጓንትም አለ። የሱሉልታ ሌሊት ብርድ ይታወቃል፣ ወፍራም የሱፍ ጓንት አድርጎ መቆም ግድ ነው። ጓንቱ ግን ጠባቡን ቀለበት ይሞላዋል፤ ምላጩ ሙሉ ለሙሉ እንዳይመለስ፣ ከዚያም አልፎ ሳይፈለግ እንዲሳብ ያደርጋል። የቀኙን ጓንት የሌባ ጣት ጫፍ ቆርጦ መስፋት የእሳቸው ብልሃት ነው።

ልምምዱን ያለ ጥይት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ስበት አዘዙ። ካመመ በዚያው ይቆማል። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ሲስቡ ጅማታቸውን የሚያቆስሉ አሉና። የተዳከመውን የመዶሻ ስፕሪንግም ፈቃድ ባለው ጠጋኝ በአዲስ አስቀየሩት።

ከሁሉ በላይ ልብ የነካን ግን ሌላ ነው። በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ ጥበቃ «የእኔም ጣት እንደነሱ ነው» ብለው ተሰልፈው ነበር። ሃምሳ አለቃ መዳፋቸውን ያዙ፣ ከሌባ ጣታቸው ሥር ጫን ብለው እጥፍ ዘርጋ አስደረጉ። ትንሽ እብጠት አለ፣ ጣቱም እንደ ተቆለፈ በር «ቀጥ» ብሎ ነው የሚለቀቀው። ጠዋት ጠዋት ይደርቅ እንደሆነ ጠየቁ፤ አዎ። «አባቴ፣ ይህ የሽጉጥ ጉዳይ አይደለም፣ የሐኪም ነው» አሉ። ሳንቲም ሳይቀበሉ፣ በማግሥቱ ራሳቸው ታክሲ ከፍለው የአጥንት ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው።

ሕመሙ ጅማቱ የሚያልፍበት ሽፋን ሲጠብ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው የቀለበት ጣትንና አውራ ጣትን ቢሆንም ሌባ ጣትንም አይምርም፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል። እረፍት፣ ጣቱን ደግፎ ማሰር፣ መርፌ፣ ካልሆነም ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለው። በጉልበት ማሳሸት ግን ያናድደዋልና ወጌሻ ጋ አትሩጡ። ጣት ከደነዘዘ ደግሞ የነርቭ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት ያስፈልጋል።

እባካችሁ፣ ጥበቃዎቻችሁ «ጣት ይለምዳል» ተብለው አይቀመጡ። ሃምሳ አለቃን አግኟቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚያስተምሩት፤ ፈቃዱን፣ ባዶ ሽጉጡንና የምታደርጉትን ጓንት ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥይት ወደ ክፍሉ አይገባም። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን።