ኮትስዎልድስ ወይስ ሌክ ዲስትሪክት? በመኪና ዘና ለማለት የቱ ይሻላል?

የእንግሊዝን ገጠር በመኪና ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ያመነታል። ሁለቱም ያምራሉ። ለሹፌሩ ግን በጣም ይለያያሉ። እኔም የማወዳድረው መሪ ለያዘው ሰው አስቤ ነው።

መጀመሪያ ርቀቱ። ከሂትሮው አየር ማረፊያ ኤም 40 በሚባለው ፈጣን መንገድ ወደ ኦክስፎርድ፣ ከዚያ በኤ 40 መንገድ ወደ በርፎርድ ብትሉ፣ መንገድ ካልተዘጋጋ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኮትስዎልድስ ናችሁ። ሌክ ዲስትሪክት ሰሜን ምዕራብ ነው፤ ከለንደን አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ያላችሁ ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፣ ኮትስዎልድስ ሂዱ።

ትልቁ ልዩነት መንገዱ ነው። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ለነዳ ሰው በግራ መንዳት ራሱ አዲስ ነገር ነው። ኮትስዎልድስ ኮረብታው ለስለስ ያለ ስለሆነ እጅ ለማፍታታት ይመቻል። ጠባብ መንገድ ግን እዚያም አለ። ትራክተር ከፊት ሲመጣ ሰፋ ያለ ማሳለፊያ ቦታ ፈልጋችሁ በግራ ጥግ ትይዛላችሁ። ማሳለፊያው በቀኝ ከሆነ ሳትሻገሩ ትይዩው ላይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ያሳለፋችሁት ሰው እጁን ከመሪው ላይ ከፍ አድርጎ ያመሰግናል፤ እናንተም እንደዚያው። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰረዝ ያለበት ምልክት በእነዚህ መንገዶች ላይ ጣሪያው በሰዓት 60 ማይል ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ንዱ ማለት ግን አይደለም።

ሌክ ዲስትሪክት ላይ ዳገቱ ይከብዳል። ሃርድኖት የሚባለው መተላለፊያ አንዳንድ ቦታ ሦስት ሜትር ስትሄዱ አንድ ሜትር ያስወጣችኋል፤ ጥምዝምዝ ነው፣ ጠባብ ነው። ለጀማሪ በፍጹም አልመክርም። ከርክስተን በሚባለው ሌላ መተላለፊያ ማለፍ ይቻላል፣ እሱም ቢሆን 454 ሜትር ላይ ነው።

የትም ብትሄዱ ትንሽ መኪና ተከራዩ፤ አውቶማቲክ መሆኑንም ቀድማችሁ አረጋግጡ። ማንዋል ከሆነ ማርሹን በግራ እጅ ነው የምትቀይሩት። ከአዲስ መንገድ ጋር ሲደመር አያዝናናም።

እይታን በተመለከተ ኮትስዎልድስ የመንደር አገር ነው። ማር የመሰለ ቢጫ ድንጋይ፣ ያለ ጭቃ የተደረደረ ካብ፣ የበግ መስክ። ባይበሪ የሚባለው መንደር በአስጎብኚ አውቶቡስ ስለሚጨናነቅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ለእኛ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። በደቡብ ጫፉ ባዝ ከተማ አለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው፣ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም.፣ የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ የሚገኘው እዚያ ነው። ኋላም ቤቱን ለከተማዋ ሰጥተውታል። የሚከፈትበትን ቀን ጠይቃችሁ ሂዱ፤ ለዚህ ቤት ሲባል ጉዞን ማስተካከል ተገቢ ይመስለኛል።

ሌክ ዲስትሪክት በተፈጥሮ ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። 17 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዊንደርሚር ሐይቅም፣ 978 ሜትር ከፍታ ያለው የእንግሊዝ ረጅሙ ተራራ ስካፌል ፓይክም እዚያ ናቸው። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ግን ዝናቡ ብዙ ነው፤ ከመኪና ሳይወርዱ ደግሞ ግማሹም አይታይም።

ስለዚህ በግራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነዳ፣ ልጆች ወይም አዛውንት ወላጆች የያዘ፣ ኮትስዎልድስን ይምረጥ። ሳምንት ያለውና በእግር መሄድ የሚወድ ሌክ ዲስትሪክትን። በየቀኑ ሆቴል አይቀያይር፤ እዚያው ባለችው ኬዚክ ከተማ አንድ ማረፊያ ይያዝ፣ መኪናውን ያቁም፣ ደርወንትወተር ሐይቅን በጀልባ ይዙር።